የቤታችን ትልቁ ወጪ ይሉኝታ ነበር

ሰኔ 2015 ላይ አከራያችን በማለዳ በራችንን አንኳኩ። ከተጋባን አምስተኛ ወራችን ነበር። የኪራይ ቀን ካለፈ አምስት ቀን ሆኖታል። እኔ ባለቤቴ የከፈለ መስሎኛል። እሱ ደግሞ ብሩ እኔ ጋ ያለ መስሎታል። በሩ ላይ ቆመን ተያየን። ሴትየዋ ደግ ናቸው። ፊታችንን አይተው "እስከ ነገ ማታ አድርሱልኝ፣ ልጆቼ" ብለው ደረጃውን ወረዱ።

በሩን ዘግተን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥን። ብሩ የት ገባ? እሱ 4,000 ብር ለጓደኛው አበድሯል። እኔ ለታናሽ እህቴ የኮሌጅ ክፍያ 2,500 ሰጥቻለሁ። እሱም ለእኔ አልነገረኝም፣ እኔም ለእሱ አልነገርኩትም። ከዚያ የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ልደት አለ። የአክስቱ ልጅ ምርቃት አለ። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ድንገት ለመጡ እንግዶች ሥጋና ለስላሳ ገዝተናል። ቆጥረን ስንጨርስ የጠፋ ብር አልነበረም። እያንዳንዱ የሄደበት ይታወቃል። አብዛኛው የወጣው ግን "ምን ይሉናል" ብለን ነው።

ሰሞኑን በቅርብ የተጋቡ ሁለት ዘመዶቼ "በዚህ ደመወዝ እንዴት ነው የምትኖሩት?" ብለው ጠየቁኝ። ለእነሱ የነገርኳቸውን ነው እዚህ የምጽፈው። የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ባለቤቴ አቃቂ በመንግሥት ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል። እኔ ሳሪስ አካባቢ በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ስንጋባ የሚቆረጠው ሁሉ ተቆርጦ የሁለታችን እጅ ላይ የሚደርሰው 15,400 ብር ነበር።

ትዳር የጀመርነው በዕዳ ነው። ሰርጋችን ጥር ላይ ነበር። ጥር ላይ ሁሉም ሰው ስለሚያገባ አዳራሹም፣ መኪናውም፣ ቪዲዮውም ይወደዳል። 85,000 ብር ተበደርን። 50,000 ከአጎቴ፣ 35,000 ከመሥሪያ ቤቴ የቁጠባና ብድር ማኅበር። የማኅበሩ በየወሩ ከደመወዜ ይቆረጣል። አጎቴ "ስትችሉ ትከፍሉኛላችሁ" ብሎናል። "ስትችሉ" የተባለ ዕዳ ከባድ ነው። ቀን ስለሌለው ለመክፈልም አይመችም፣ ከልብም አይወጣም።

ገና ያላገባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሁለታችሁ ብቻ ተቀምጣችሁ የምትችሉትን ብር በቁጥር ጻፉ። ቤተሰብ ከገባበት በኋላ የእንግዳ ቁጥር መቀነስ በጣም ያስቸግራል። የእናት ማኅበርተኛ አለ፣ የአባት የሥራ ባልደረባ አለ፣ ዕድርተኛ አለ። አንዱን ጠርቶ አንዱን መተው አይቻልም። ከሰርጌ ቀን እስካሁን ከልቤ ያልወጣው እናቴ ጉልበቷን ስስም የመረቀችኝ ምርቃት ነው። ለእሱ የከፈልነው ነገር አልነበረም።

የኪራዩ ብር የተጓደለ ዕለት ማታ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛን። ስልክ ላይ መመዝገብ ሞክረን ነበር። ግን አንዳችን የምንጽፈውን ሌላው አያየውም። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነው የሚውለው፣ ማንም ሲያልፍ ያየዋል። ሁሉንም እንጽፋለን። ታክሲ፣ የስልክ ካርድ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሰጠነው 5 ብር ሳይቀር። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ሲፈላ ደብተሩ ይነበባል።

መጀመሪያ ላይ ንባቡ ወደ ጠብ ሄደ። "ይሄን ለምን ገዛሽው?" "አንተስ ያንን?" በሁለተኛው እሁድ ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ ተኮራርፈን ተነሣን። ስለዚህ ሕግ አወጣን። በንባብ ሰዓት "ለምን" የሚባል ጥያቄ የለም። ይነበባል፣ ይደመራል፣ ይከደናል። የሚቀየር ነገር ካለ ሰኞ ማታ እንነጋገርበታለን። እስከዚያ ስሜት ይበርዳል። ሌላም ጨመርን፦ ለእያንዳንዳችን በወር 600 ብር የማይጻፍ ገንዘብ። እሱ ኳስ ያይበታል፣ እኔ ፀጉሬን እሠራበታለሁ። ማንም አይጠይቅም። ይህች 600 ብር ብዙ ጠብ አስቀርታልናለች። ሰው በገዛ ቤቱ ለማኪያቶ ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ ወይ ይዋሻል ወይ ይማረራል።

ደብተሩ በመጀመሪያ ያሳየን የመንገዱን ወጪ ነው። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ቤት በ7,500 ብር ነበር የተከራየነው። ሰፈሩን ወደነው ነው። የሁለታችንም ሥራ ግን በሌላው የከተማው ጫፍ ነው። ባለቤቴ አቃቂ ለመድረስ ሦስት ታክሲ ይይዛል። ሲመሽና ሲዘንብ ራይድ እንጠራለን። ሲደመር ትራንስፖርት ብቻ በወር 2,900 ብር ሆነ። የቤታችን እውነተኛ ኪራይ 10,400 ነው ማለት ነው። ከደመወዛችን ሁለት ሦስተኛው።

መፍትሔው ግልጽ ነበር፤ ለሥራችን ወደሚቀርበው ቱሉ ዲምቱ መግባት። ግን አንድ ዓመት ሙሉ አልገባንም። ለምን? ባለ አንድ መኝታ ለቀን ስቱዲዮ ስንገባ ሰው "ተቸገሩ" እንዳይለን። እናቴ የሳሎኑን ሶፋ ለሰርጌ የሰጠችኝ ናት፣ ስቱዲዮ ውስጥ አይገባም። እሷን ማስቀየም ፈራሁ። በመጨረሻ ጉዳዩን ስነግራት ያለችው "ሶፋው ለእናንተ ነው እንጂ እናንተ ለሶፋው አይደላችሁም" ነው። ሶፋውን ለታላቅ ወንድሜ ሰጠነው። በግንቦት 2016 በ5,000 ብር ስቱዲዮ ገባን። ትራንስፖርታችን ወደ 1,300 ወረደ። በወር የተረፈን 4,100 ብር ነው። የአጎቴን 50,000 በአንድ ዓመት ከፍለን የጨረስነው ከዚህ ልዩነት ነው። ዓመቱን ሙሉ በይሉኝታ ባንዘገይ ኖሮ ዕዳው ቀደም ብሎ ያልቅ ነበር።

ቤት የምትፈልጉ ሰዎች ይህን አስተውሉ፦ ኪራይን ብቻውን አታወዳድሩ። የሁለታችሁን የደርሶ መልስ መንገድ ጨምሩበት። አንዱ ሩቅ ሆኖ ርካሽ ሊሆን ይችላል፣ ሲደመር ግን ይበልጣል። ውሉንም በአግባቡ ጻፉ። በ2016 በወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 መሠረት የኪራይ ውል ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር መብለጥ አይችልም። ሰሚት ስንገባ የ3 ወር በአንዴ ከፍለን ነበር፤ ያኔ ሕጉ አልወጣም። ቱሉ ዲምቱ ላይ ግን ውላችንን አስመዘገብን። ሁለት ዓመት የት እንደምንኖር ማወቅ ራሱ ትልቅ ቁጠባ ነው። ዕቃ ማጓጓዝና ለደላላ መክፈል ስንት ብር እንደሚወስድ የተከራየ ያውቀዋል።

ስለ እንጀራ ብዙ ሰው የሚመክረው "ቤት ጋግሩ፣ ይረክሳል" ብሎ ነው። እኛ ለሦስት ወር በደብተር ተከታተልነው። ሙሉ ጤፍ ገዝቶ፣ አስፈጭቶ፣ መብራት ከፍሎ መጋገር ከሱቅ እንጀራ በዋጋ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ጥጋቡ ላይ ነው። የሱቁ ስስ ስለሆነ ባለቤቴ ሦስት ይበላል፤ የቤቱ ሁለት ይበቃዋል። ወጪውን በደንብ የቀነሰልን ቅይጡ ነው። ሁለት እጅ ሰርገኛ ጤፍ፣ አንድ እጅ ነጭ ማሽላ። ማሽላ የገባበት እንጀራ ቶሎ ስለሚደርቅ በሳምንት አንድ ጊዜ ጋግሮ ማስቀመጥ አይሆንም፤ ሁለት ጊዜ መጋገር አለበት።

እዚህ ላይ ጎረቤቴ አዳነችኝ። ምጣድ መብራት የሚበላው ለመጋል ጭምር ነው። አንዴ ከጋለ ዐሥሩም ሃያውም ይወጣበታል። የመብራት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ረቡዕ በእኔ ምጣድ፣ ቅዳሜ በእሷ ምጣድ ሁለታችንም እንጋግራለን። ካርዱን የምንሞላበት ጊዜ ረዘመ። ከዚያ በላይ ግን እሷን አገኘሁ። ሦስት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። እርሾ ሲበላሽብኝ፣ አብሲት ሲቀጥንብኝ ሮጬ የምሄደው እሷ ጋ ነው። እስካሁን "ሙሽሪት" ነው የምትለኝ።

በርካሽ ተታልለንም እናውቃለን። አንድ ጊዜ ከገበያው ዋጋ ቀንሶ ያገኘነውን 50 ኪሎ ጤፍ ሳናይ ሳንቀምስ ገዛን። ተፈጭቶ ተጋግሮ ሲበላ ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል። አሸዋ ነበረው። ያ ሁሉ ዱቄት ተጣለ። እናቴ በኋላ ያስተማረችኝ ቀላል ነው፦ ከጆንያው መሐል እጅ ሰዶ ቆንጥሮ ማውጣትና እዚያው ማኘክ። ከላይ ያለውን ብቻ አይቶ መግዛት አይገባም። አጠራጣሪ ከሆነ ደግሞ ወፍጮ ቤት ከመግባቱ በፊት ማንገዋለል ነው። ከተፈጨ በኋላ ምንም ማድረግ አይቻልም።

ወጥ ላይ የጠቀመን ቁሌት ነው። እሁድ ከሰዓት ሁለታችንም ተቀምጠን 3 ኪሎ ሽንኩርት እንከትፋለን። ባለቤቴ ከእኔ ይልቅ አድቅቆ ይከትፋል። በአንዴ ይቁላላል፤ ግማሹ በርበሬ ገብቶበት፣ ግማሹ ለአልጫ ሳይገባበት ፍሪጅ ይገባል። በሥራ ቀን ማታ ምስር ወይም ክክ መቀቀልና ከቁሌቱ መጨመር ብቻ ነው የሚቀረኝ። ዘይቱም መብራቱም ይቀንሳል። ዋናው ግን ድካሙ ነው። ድሮ ከሥራ ደክመን ስንገባ "ዛሬ ውጭ እንብላ" የምንለው ስንፍና ሆኖ አይደለም፤ ሽንኩርት ከመክተፍ የሚጀምር እራት በምሽቱ አንድ ሰዓት ስለሚከብድ ነው።

ፍሪጁ ራሱ ታሪክ አለው። መጀመሪያ ያገለገለ ገዛን፣ ለመቆጠብ ብለን። ሁለት ወር ሠርቶ ቆመ። ሻጩ ስልክ አያነሣም። ዋስትና አልጠየቅንም፣ ደረሰኝ አልያዝንም። ያገለገለ ዕቃ አትግዙ አልልም፤ አልጋችንም ቁም ሳጥናችንም ያገለገለ ነው፣ አሁንም ጠንካራ ነው። እንጨት ሲሆን ዓይን ያየዋል። ሞተር ያለው ነገር ግን ውስጡ አይታይም። ሞተር ያለውን አዲስ፣ እንጨቱን ያገለገለ። እኛ የምንሄድበት እንዲህ ነው።

አዲሱን ፍሪጅ የገዛነው በዕቁብ ነው። በመሥሪያ ቤቴ ዐሥር ሰዎች ሆነን በወር 2,000 ብር እንጥላለን፣ የሚደርሰው 20,000 ይወስዳል። ስለ ዕቁብ አንድ ነገር ልበል። ዋጋ በየጊዜው በሚጨምርበት ጊዜ ዕጣው መጨረሻ ላይ የደረሰው ሰው ይጎዳል። መጀመሪያ ፍሪጅ የሚገዛው 20,000 በዐሥረኛው ወር ግማሽ ፍሪጅ ሊሆን ይችላል። በተለይ ከሐምሌ 2016 በኋላ፣ የምንዛሪው ለውጥ ከመጣ ወዲህ፣ ይህንን በዓይናችን አይተናል። እኔ ሰባተኛ ነበር የደረሰኝ። የሁለተኛውን ዕጣ ያገኘችው ባልደረባዬ ብሩ ወዲያው አያስፈልጋትም ነበር፤ ተነጋግረን፣ ዳኛውም ፈቅዶ ተቀያየርን። ትንሽ ብር ጨመርኩላት። ዕቁብ ስትገቡ ብሩን ለምን እንደምትፈልጉት ቀድማችሁ እወቁ። ዓላማ የሌለው የዕቁብ ብር እጅ ላይ በገባ ሳምንት ያልቃል።

ምሳ ላይ የእኔ ችግር ያው ይሉኝታ ነበር። ባለቤቴ ከመጀመሪያው ምሳ ዕቃ ይዞ ነው የሚሄደው። እኔ ግን ባልደረቦቼ ውጭ ሲበሉ ብቻዬን ቢሮ መቅረት ከበደኝ። በቀን 120 ብር፣ በወር ከ2,600 በላይ ይወጣል። ደብተሩ ላይ በየቀኑ "ምሳ 120" ብዬ ስጽፍ እጄ ይከብደኝ ጀመር። አንድ ሰኞ ሽሮና ጎመን ይዤ ሄድኩ። "ዛሬ ከቤት ይዤ መጥቻለሁ" አልኳቸው። አንዷ ልጅ "ወይኔ፣ እኔም ይዤ ብመጣ ደስ ይለኛል፣ ብቻዬን እንዳልሆን ብዬ ነው" አለችኝ። ለካ ሁላችንም አንዳችን ሌላችንን ፈርተን ነው ብራችንን ስናወጣ የከረምነው። አሁን አራት ነን። አንዷ ምስር፣ አንዷ ድንች በካሮት፣ ሁሉም ትሪ ላይ ይገለበጣል። በፊት እንዲህ አድርገን አብረን በልተን አናውቅም።

በዓል ላይ ቅርጫ እንገባለን። በሰፈራችን ጎረቤቶች በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያዋጡ ለፋሲካ በሬ ይገዛሉ። አንድ መደብ ለሁለት ሰው ይበዛል፣ ብሩም ይከብዳል። ልክ እንደ እኛ አዲስ የተጋቡ ሌሎች ጎረቤቶች አሉ፤ አንዱን መደብ ለሁለት ተካፈልን። መጀመሪያ ይህን ለመጠየቅ አፍረን ነበር። የቅርጫው አስተባባሪ አባት "ምን ችግር አለው፣ እኛም ስንጀምር እንዲሁ ነበርን" አሉን። ከድርሻችን ገሚሱን ቋንጣ አደረግነው። ጾሙም ይረዳናል። ረቡዕና ዓርቡ፣ የሁዳዴው 55 ቀን፣ ሌላውም ሲጨመር የዓመቱ ብዙው ቀን ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ ነው። ጾም ለቁጠባ የተሠራ አይደለም፣ ለነፍስ ነው። ግን ቤቱ ያንን ወራት ሲተነፍስ ይታወቃል።

ከሁሉም የከበደኝን ልንገራችሁ። በ2016 መጨረሻ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ አብራኝ ያደገች ጓደኛዬ ልታገባ ሆነ። ሚዜ ሁኚኝ አለችኝ። ቀሚሱ፣ ጫማው፣ ፀጉሩ፣ ሜካፑ፣ የመልስ ልብሱ፣ ከዚያ ስጦታው። ስደምረው የሁለት ወር ኪራይ ሆነ። እሷ ለእኔ ሚዜ ሆናልኛለች። እንዴት እምቢ እላለሁ? አንድ ሳምንት አልተኛሁም። ባለቤቴ "ከፈለግሽ እንበደር" አለኝ። ገና አጎቴን ከፍለን አልጨረስንም።

ቤቷ ሄድኩ። በስልክ አይሆንም ብዬ ነው። ቡና እያፈላች ሳለ ሁሉንም ነገርኳት። ዕዳችንን በቁጥር ነገርኳት። "ሚዜ መሆን አልችልም፣ ብር የለኝም" አልኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ዝም አለች። ቡናውን ጠጥተን ወጣሁ። ሁለት ሳምንት አልደወለችም። ያ ሁለት ሳምንት ከባድ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ማታ ቤታችን መጣች። ስቱዲዮአችንን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ተቀመጠችና "እኔም ብር የለኝም" አለችኝ። አለቀሰች። ስድስት ሚዜ አስባ ነበር፣ ወደ ሁለት ቀነሰችው። ለሁለቱም ካላቸው ነጭ የሀገር ልብስ እንዲለብሱ ነገረቻቸው። እኔ ከሰርጉ ሦስት ቀን በፊት ቤታቸው ገባሁ። ከእናቷና ከአክስቶቿ ጋር ሽንኩርት ከተፍኩ፣ ዶሮ በለትኩ፣ ለመልሱ ድግስ ድስት ስር ቆምኩ። በሰርጉ ቀን እናቷ እንግዳው ሁሉ ፊት እጄን ይዛ "ይቺም ልጄ ናት" አለች።

ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት ቀለለኝ አልልም። ግን አባባሉን ተማርን። ማንም ብድር ወይም መዋጮ ሲጠይቀን እዚያው "እሺ" አንልም፤ "ተነጋግረን ነገ እንነግርሃለን" እንላለን። ባለቤቴ "ሚስቴ ከለከለችኝ" አይልም፣ እኔም "ባለቤቴ አይፈቅድም" አልልም። በአንዳችን ላይ ማሳበብ ዛሬ ያድናል፣ ነገ ግን ዘመድ ከዘመድ ያቀያይማል። መልሱ ሁልጊዜ "እኛ" ነው። ለማበደር ከወሰንን ደግሞ ባይመለስ የማንጎዳበትን ያህል ብቻ። ያ 4,000 ብር እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ባለቤቴና ጓደኛው አይደዋወሉም። ባያበድረው ኖሮ ጓደኝነታቸው ይቆይ ነበር ብዬ አስባለሁ።

የማንነካቸው ወጪዎችም አሉ። ደብረ ብርሃን ያሉት አማቴ በወር 1,500 ብር ይላክላቸዋል። ስንቸገርም ከዚህ አልቀነስንም። ለወላጅ የሚላክ ብር ይሉኝታ አይደለም። እሳቸውም ባዶ እጃቸውን አይቀመጡም። ባቄላው፣ በሶው፣ ሽሮው በሰው እጅ ይመጣል። የእሳቸውን ሽሮ የበላ የሱቅ ሽሮ አይበላም። ሕክምናም አንቆጥብበትም። አንድ ክረምት ለታክሲ ላለማውጣት ብዬ በዝናብ ስመላለስ ታምሜ ለመድኃኒት ያወጣሁት ከአንድ ወር የታክሲ ብር ይበልጥ ነበር። ጫማም እንዲሁ ነው። የሚቆም ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ሰሌዳ ፊት የሚውል ሰው፣ ርካሽ ጫማ አይገዛም።

የዕዳው ነገር እንዲህ ነው ያለቀው፦ የአጎቴ በግንቦት 2017፣ የማኅበሩ ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ። በዚያው ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲስተካከል የባለቤቴ ጭማሪ አግዞናል፤ ባይሆን ኖሮ የገበያው ዋጋ ጭማሪ ወደ ኋላ ይጎትተን ነበር። የመጨረሻውን ብር ለአጎቴ ስሰጠው ቆጥሮ አልተቀበለም፤ ግንባሬን ስሞ ኪሱ ከተተው።

አሁን ሦስተኛው ደብተር ላይ ነን። በመጨረሻው ገጽ ላይ ባለቤቴ በትልቁ "ለአራስ ቤት" ብሎ ጽፏል። እግዚአብሔር ቢፈቅድ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሦስት እንሆናለን። እናቴ "ሳይወለድ ልብስ አይገዛም" ብላለች፤ እኛም እሺ ብለናል፣ ብሩን ብቻ በየወሩ ለብቻ እያስቀመጥን ነው። ጎረቤቴ የልጆቿን ብርድ ልብስ አጥባ አስቀምጣልኛለች። ጓደኛዬ ደግሞ የእሷ ልጅ የወጣበትን መታጠቢያ ልታመጣ ነው። አማቴ የገንፎውን ገብስ አስለቅመው ጨርሰዋል። የቀረው ቅቤው ነው። ሁዳዴ ዘንድሮ፣ በ2018፣ የካቲት 9 ይገባል። ጾም ሲገባ የቅቤ ዋጋ ረገብ ይላል፤ ያኔ ገዝተን እናነጥረዋለን።